ኢንተር ስንጫን ማን ነው የሚመልሰው?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የማነሳው ነገር ለብዙዎቻችሁ ተራ ሊመስል ይችላል። ስለ ዲያሎግ ቦክስ ነው። ያቺ ስክሪኑ መሃል ድንገት ብቅ ብላ «እርግጠኛ ነዎት?» የምትለው ሳጥን። ትንሽ ስለሚረዝም ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

በቅርቡ ለጉዳይ አንድ መስሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ስክሪኑ ወደ ተገልጋዩ ዞሮ ስለተቀመጠ የመዝገብ ሰራተኛዋ የምትሰራው ሁሉ ይታየኛል። ጎበዝ ናት። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ፣ እጇ ኪቦርዱ ላይ፤ ማውስ የሚባል ነገር አትነካም። ቁጥር፣ ታብ፣ ቁጥር፣ ታብ፣ ኢንተር። በዚህ መሃል «ተመሳሳይ መዝገብ ተገኝቷል፤ በአዲሱ ይተካ?» የምትል ሳጥን ብቅ አለች። ፎከሱ ያረፈው «አዎ» ላይ ነው። ልጅቷ ወደሚቀጥለው መስመር ለመሄድ የተጫነችው ኢንተር ለሳጥኗ መልስ ሆነና ሳጥኗ ጠፋች። እሷ ቀና ብላ እንኳን አላየቻትም። ነገሩ ሲታወቅ አለቃዋ መጥቶ «ስንቴ ተጠንቀቂ ልበልሽ?» አላት፤ ያውም በእኛ ፊት።

እኔ ግን ልጅቷ አልተሳሳተችም ባይ ነኝ። «አዎ» ያለው ሶፍትዌሩን የጻፈው ሰው ነው። እሷ ገና ሳትጠየቅ እሱ መልሶላታል። ከዚያ ወዲያ «ሰራተኛዋ በስህተት አጠፋችው» የሚል ሪፖርት ይጻፋል፤ የደሞዝ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ለዚህ ነው ነገሩ የቆጨኝ።

ሙያው ሩቅ ለሆነባችሁ፦ ፎከስ ማለት «ኪቦርዱ አሁን የሚያናግረው ማንን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ስክሪኑ ላይ 20 ነገር ቢኖርም በአንድ ጊዜ ኪቦርዱን የሚሰማው አንዱ ብቻ ነው። ሳጥን ብቅ ሲል ፎከሱ ወደሷ ይዛወራል። ታብ ከአንዱ በተን ወደሌላው ይወስዳል፤ ኢንተር ይወስናል፤ ኢስኬፕ «ተዪው፣ ምንም አላልኩም» ማለት ነው። ስለዚህ ሳጥኗ ስትከፈት ፎከሱ የሚያርፍበት በተን ተራ ቦታ አይደለም። ሳያነብ፣ በልማድ፣ በድካም ኢንተር ለሚጫን ሰው ሁሉ የተሰጠ መልስ ነው። እናም በየመስሪያ ቤቱ በቀን በመቶ የሚቆጠር ፎርም የሚሞላ ሰው ሳያነብ ነው የሚጫነው። ያ ስንፍና አይደለም፤ ስራው ራሱ እንደዛ ነው።

እና ምን ይደረግ? የማይመለስ ነገር ከሆነ (ማጥፋት፣ መተካት፣ ገንዘብ መላክ) ፎከሱ ጉዳት የሌለው በተን ላይ ይረፍ። በቃ። ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። በዊንዶውስ የመልእክት ሳጥን ላይ ሁለተኛው በተን ነባሪ እንዲሆን የሚያደርግ መለያ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ኮዱ ላይ አንዲት ቃል መጨመር ነው። ግን ማን ይጨምራታል? ካልጨመርክ የመጀመሪያው በተን ነባሪ ይሆናል፣ የመጀመሪያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» ነው። ሌላም አለ፦ በዚያው በዊንዶውስ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ያለው ሳጥን ኢስኬፕን አይሰማም፣ ጥግ ላይ ያለችው የመዝጊያ ኤክስም ደብዝዛ አትሰራም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ተወው» የሚባል ምርጫ አልሰጠኸውማ። የሰው ልጅ ከሁለት በር አንዱን እንዲመርጥ ተደርጎ የመጣበት በር ተዘጋበት ማለት ነው።

ሳጥኗ በራሷ ጊዜ ብቅ የምትል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፋየርፎክስን የሚሰሩት ሰዎች ይህን ቀድመው አይተውት ነበር። አንድ ተንኮለኛ ድረ ገጽ ሰውየው እየጻፈ ባለበት ቅጽበት «ይጫን?» የሚል ሳጥን ቢያመጣበት፣ የጻፈው ፊደል ራሱ ፈቃድ ሆኖ ይቆጠርበታል። ስለዚህ የመጫኛው በተን ለአጭር ጊዜ ደብዝዞ እንዲቆይ አደረጉ። ብዙ ሰው «ምን ያንቀራፍፈዋል?» ብሎ ተማረረበት፤ እሷ መንቀራፈፍ ግን ጥበቃ ነበረች። ለዚያች የመዝገብ ሰራተኛ ከሰከንድ ያነሰ መዘግየት ቢኖርላት ኖሮ አለቃዋ ባልተቆጣት።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ እዚህ ላይ የኛው ልዩ ጣጣ አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አፕል ሊዛ የተባለውን ኮምፒውተር ሲሰራ በተኑ ላይ «ዱ ኢት» ብሎ ጽፎ ነበር፤ «አድርገው» እንደማለት። ሲሞከር አንዳንድ ሰው ሁለቱን ቃል አጋጥሞ «ዶልት» ብሎ አነበበው፤ «ጅል» ማለት ነው። ተሰደብኩ ያለም ነበር ይባላል። በዚህ ምክንያት ወደ «ኦኬ» ተቀየረ። እነሱ በአንዲት ክፍት ቦታ የተነሳ ቀየሩት። እኛስ?

እኛ ጋ «ካንስል»ም «ሰርዝ»፣ «ዲሊት»ም «ሰርዝ» ተብሎ የተተረጎመበት ሶፍትዌር በዓይኔ አይቻለሁ። «ይህን ፋይል መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ይልና ከስሩ «ሰርዝ» የሚል በተን ያስቀምጣል። ፋይሉን ነው ጥያቄውን የሚሰርዘው? «አዎ» እና «አይ»ም አያድኑም። በአማርኛ «ማስቀመጥ አይፈልጉም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎ» ሲል «አዎ፣ አልፈልግም» ማለቱ ነው። የእንግሊዝኛው «የስ» ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚለው። ኮዱን የጻፈው ሰው በእንግሊዝኛ አስቦ ጥያቄውን በአማርኛ ከጻፈው የተጠቃሚው «አዎ» ተገልብጦ ይቀመጣል። ደግሞ «ሰርዝ» ወንድን ማዘዝ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠችው ሴት ናት።

እኔ የምመርጠውን ልንገራችሁ። በተኑ ላይ ሰውየውን አትዘዙት፣ ነገሩ ምን ይሁን እንደሆነ ጻፉ፦ «ይጥፋ» እና «ይቆይ»። «ይቀመጥ»፣ «አይቀመጥ»፣ «ወደ ስራዬ ልመለስ»። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ የለም። ጥያቄውን ያላነበበ ሰው በተኑን ብቻ አይቶ የሚሆነውን ያውቃል። አማርኛችን ለዚህ የተሰራ ነው የሚመስለው፣ እኛ ግን ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ስንጎትት እንውላለን።

አቋራጭ ፊደሎችም አሉ። በእንግሊዝኛው በተን ላይ ከስሯ የተሰመረባትን ፊደል ከአልት ጋር ሲጫኑ ይሰራል። በአማርኛ ግን «ሰ»ን ለመጻፍ በድምፅ በሚጻፉት ኪቦርዶች ሁለት ቁልፍ መንካት ይጠይቃል፤ ስለዚህ አቋራጩ አይሰራም ማለት ይቻላል። ጃፓኖችና ቻይናዎች የላቲኗን ፊደል በቅንፍ ከበተኑ ስም ጎን በማስቀመጥ ተወጥተውታል። እኛም ብናደርገው ነውር የለውም።

እስካሁን የጻፍኩት ለሚያዩ ሰዎች ነው። ማየት ለተሳነው ሰው ፎከስ ማለት ዓይን ነው። ኤንቪዲኤን ታውቁታላችሁ፤ ስክሪን የሚያነብ ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ የጀመሩትም ሁለት ማየት የተሳናቸው አውስትራሊያውያን ናቸው። ሳጥን ሲከፈት ፎከሱ ወደ ሳጥኑ ከገባ ርዕሱን ያነባል፣ ጥያቄውን ያነባል፣ ከዚያ ያለህበትን በተን ይነግርሃል። ፎከሱ ከኋላ ባለው ገጽ ላይ ከቀረ ግን ዝም ነው። ሰውየው ሳጥን መኖሩን አያውቅም። ታብ ይጫናል፣ በተሸፈነው ገጽ ላይ ይዞራል፣ ምንም አይሰራለትም። «ሲስተሙ ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ ሰው ይለምናል፤ የሚስጥር ቁጥሩንም ሳይወድ በግድ ይነግረዋል። ሀገራችን በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ተደራሽነት ሲል መወጣጫና ሊፍት ብቻ ማለቱ አይደለም፤ የመረጃና የኮሙዩኒኬሽን ቴክኖሎጂንም በስም ይጠቅሳል።

ድረ ገጽ ለምትሰሩ ልጆች ሰበብ የለም። ከማርች 2022 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች በሙሉ የራሱን የኤችቲኤምኤል «ዳያሎግ» ኤለመንት ይደግፋሉ። በሞዳል መንገድ ከከፈታችሁት ፎከሱን ያስገባል፣ የኋላውን ገጽ ይዘጋል፣ በኢስኬፕ ይወጣል፣ ሲዘጋም ፎከሱን ወደነበረበት ይመልሳል። አንድ ነገር ብቻ፦ እናንተ ካልነገራችሁት ፎከሱን የሚሰጠው መጀመሪያ ላገኘው በተን ነው፤ እሱም «ይጥፋ» ሊሆን ይችላል። የጠፋው ራሱ ሳጥኑን የከፈተው መስመር ከሆነ ደግሞ የሚመለስበት ስለሌለ ወደ ቀጣዩ መስመር ውሰዱት። እናም እባካችሁ፣ በፎከሱ ዙሪያ የምትታየውን መስመር «ዲዛይኑን ታበላሻለች» ብላችሁ አታጥፏት። ኪቦርድ ይዞ ለሚሄድ ሰው «አሁን እዚህ ነህ» የምትለው እሷ ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ ደንበኛው ፍጥነት ነው የሚፈልገው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው። ሁሉም ሳጥን ላይ ኢንተር «ተወው» ይበል አላልኩም። የማይጎዳ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ የጻፈውን ማስቀመጥ ከሆነ፣ ኢንተር ያስቀምጥ። እንዲያውም የ«እርግጠኛ ነዎት?» ሳጥኖችን ብዛት ቀንሱ። በየደቂቃው የሚጠየቅ ሰው ማንበብ ያቆማል፤ ሁለተኛ ሳጥን ብትጨምሩም ሁለት ጊዜ ኢንተር ይለምዳል እንጂ አያነብም። ከጥያቄ ይልቅ «ጠፍቷል፤ ይመለስ?» የሚል መመለሻ ይሻላል። ይሄ ተጨማሪ ስራ እንደሆነ ይገባኛል፤ የጠፋውን ለተወሰነ ጊዜ ማቆየት ዳታቤዙ ላይ ማሰብን ይጠይቃል። ግን መዝገቡ የሰው የልደት ቀን፣ የሰው መሬት፣ የሰው ጡረታ ነው።

ነባሪ ምርጫዎችም የዚሁ ዘመድ ናቸው። «ጾታ» ላይ «ወንድ» ቀድሞ ተመርጦ የሚጠብቅ ፎርም ስንቱን ሴት ወንድ አድርጎ መዝግቦ ይሆን? ባዶ ተዉት፤ ይምረጡ።

እስቲ ነገ ጠዋት የምትሰሩበትን ሲስተም ክፈቱና ማውሱን ንቀሉት። ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ማለቴ ነው፤ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። አንድ መዝገብ በኪቦርድ ብቻ መዝግቡ፣ አስተካክሉ፣ አጥፉ። በየሳጥኑ ላይ ኢንተር ምን እንደሚያደርግ፣ ኢስኬፕ ከሳጥኑ ያወጣ እንደሆነ እዩ። ያገኛችሁትን የመስሪያ ቤቱን ስምና የሰው መረጃ ሸፍናችሁ ኮመንት ላይ ጣሉልኝ። «ሰርዝ» እና «ሰርዝ» ጎን ለጎን ያላት ሳጥን ላገኘ ቡና እኔ ጋ ነው።