በጦርነት ቀን ብቻ የሚከፈት በር

«ከዳ» የሚለው ቃል ለወታደር ሲነገር ብዙ ዓይነት ሰው በአንድ ከረጢት ያጭቃል። በውጊያ መሐል መሣሪያውን ይዞ ወደ ተቃራኒ ወገን የተሻገረው ከዳ ይባላል። እናቱ ታማ ፈቃድ ሲጠይቅ «ቆይ» እየተባለ ወራት ያለፉበት፣ በመጨረሻም ሳያስፈቅድ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የገባው ልጅም ከዳ ይባላል። ከአዛዡ ጋር ተጋጭቶ በዲሲፕሊን የተባረረውን ቃሉ ባይመለከተውም፣ ሰፈር ውስጥ ከሁለቱ ለይቶ የሚያየው የለም። ሦስቱም እጅ ላይ የሚረባ የመሰናበቻ ወረቀት አይገኝም፤ ቢገኝም የሚያሳፍር ነው።

ወረቀቱ ትንሽ ነገር ይመስላል። ደሴ ፒያሳ ላይ ወይም ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በር ላይ የጥበቃ ሥራ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ግን ዋጋውን ያውቀዋል። ጥበቃ የሚቀጥር ድርጅት ውትድርና የሚያውቅ ሰው ይመርጣል፤ ወዲያው ደግሞ በሰላም የተሰናበተበትን ማስረጃና ተያዥ አምጣ ይላል። ሰውየው ሙያው አለው፣ ሙያውን የሚመሰክርለት ግን የለም። ስለዚህ ብዙዎች ዞረው ወደሚያውቁት ቤት መመለስን ይመኛሉ። ምክንያታቸው የአገር ፍቅር ብቻ ነው ብሎ ማስመሰል አያስፈልግም። ደመወዝ አለ፣ ራሽን አለ፣ ጡረታ አለ። የጡረታ ሕጉ ለዘለቄታ አበል በመደበኛው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፤ ስምንት ዓመት አገልግሎ የወጣ ሰው የቀረችውን ሁለት ዓመት እያሰበ እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

በሰላም ጊዜ ግን በሩ ዝግ ነው። በየወረዳውና በየቀበሌው የሚለጠፈው የምልመላ ማስታወቂያ የሚፈልገው ለጋ ዕድሜ ላይ ያለ፣ ጤናማና ከዚህ ቀደም በመከላከያም ሆነ በፖሊስ ያላገለገለ ወጣት ነው። ታሪክ ያለው ሰው አይፈለግም።

ጦርነት ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ወሎ ይህን ከማንም በላይ አይቷል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ በዋለልኝ ዘመቻ ደሴንና ኮምቦልቻን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ የደርግ ሠራዊት ተበተነ። ከ450 ሺህ በላይ ወታደር «የቀድሞ ሠራዊት» የሚል ስም ተለጥፎበት በመልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን በኩል ወደየመጣበት ተሸኘ። ማንም ፋይሉን ከፍቶ «አንተ ምን አጠፋህ?» ብሎ አልጠየቀውም፤ ጅምላ ስንብት ነበር። የተቀደደ ካኪውን እንደለበሰ በየከተማው ይለምን የነበረውን ወታደር የዚያ ዘመን ሰው አይረሳውም።

ሰባት ዓመት አለፈ። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያው «የደርግ ወታደር» መድፍ ስለሚያውቅ፣ ታንክ ስለሚነዳ፣ አውሮፕላን ስለሚያበር ተፈለገ። ስድቡ በአንድ ወር ውስጥ «ልምድ» ተባለ። የኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ታሪክ እዚህ ላይ ሳይነሳ አይታለፍም፦ በደርግ ዘመን በሻዕቢያ ተማርኮ የነበረው ይህ አብራሪ፣ በዚያው ግንቦት መጨረሻ አስመራ ላይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ለሁለተኛ ጊዜ ተማረከ። ለአንድ አገር በሁለት ሥርዓት ሁለት ጊዜ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ደግሞ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ወታደር እንደገና ተሰናበተ።

በጥቅምት 2014 የሕወሓት ኃይሎች ደሴና ኮምቦልቻ ሲገቡም ይኸው ተደገመ። ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መሣሪያ ያለውና ለውትድርና የደረሰ ሰው እንዲዘምት ማዘዝ ተፈቀደ፤ የቀድሞ የሠራዊቱ አባላትም ተመልሰው እንዲመዘገቡ ጥሪ ቀረበ። ኅዳር 27 ሁለቱ ከተሞች በመንግሥት እጅ መመለሳቸው ተነገረ። ከተማ ሲወድቅ የሚፈለግ ሰው ከተማ ሲቆም የማይፈለግበት ምክንያት ምንድን ነው? ልምዱ ያው ነው። የተለወጠው የጠሪው ችግር ብቻ ነው።

ከላይ ላለው ሰው ደግሞ ችግሩ ቀላል ነው። በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተከሰው ዓመታት የታሰሩት ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ በ2010 ዓ.ም. ማዕረጋቸው ከነጡረታው ተመለሰላቸው፤ ከሜጀር ጄኔራል አለምሸት ደግፌ ጋር። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር እነ ጄኔራል አበባው ታደሰና ጄኔራል ባጫ ደበሌ ከጡረታ ተጠርተው ወደ አመራር ገቡ። ውሳኔዎቹ ትክክል ነበሩ አልነበሩም ሌላ ክርክር ነው (የአሳምነው መጨረሻ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል)። እዚህ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፦ ስንብትን መልሶ ማየት እንደሚቻል መንግሥት ራሱ አሳይቷል። ለጄኔራሉ የተገኘው መንገድ ለአስር አለቃው ለምን ይታጣል?

«ዲሲፕሊን ይላላል» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ትናንት ጥሎ የሄደ ሰው ነገ ምሽግ ውስጥ ጎኑ ለተቀመጠው ጓዱ ምን ዋስትና ይሆናል? የወንጀል ሕጉም መክዳትን በብርቱ ይቀጣል፤ በጦርነት ጊዜ ሲሆን እስከ ሞት ያደርሳል። መሣሪያ የሸጠ፣ ሰላማዊ ሰው ላይ እጁን ያነሳ፣ ጓዱን አሳልፎ የሰጠ ሰው ጨርሶ መመለስ የለበትም፤ በክተት ጥሪ ግርግርም ቢሆን። አሁን ያለው አሠራር ግን እሱን በትክክል አይለየውም። በሰላም ጊዜ ጥሩውንም መጥፎውንም ያባርራል፣ በጦርነት ጊዜ ጥሩውንም መጥፎውንም ለመጥራት ይቸኩላል። ዲሲፕሊን የሚላላው በዚህኛው ነው።

የአሜሪካን ሠራዊት ማንም ለስላሳ አይለውም። እዚያ ስንብት በደረጃ የተከፈለ ነው፤ በክብር የወጣና በከባድ ጥፋት የተባረረ አንድ አይደሉም። በወታደሩ ሰነድ ላይ ዳግም መመዝገብ ይችል እንደሆነ የሚያመለክት ኮድ ይሰፍራል። ተሰናባቹ በ15 ዓመት ውስጥ ስንብቱ እንዲታይለት ለቦርድ ማመልከት ይችላል። አብዛኛው በቀላሉ ይሳካለታል ማለት አይደለም። ግን የሚያመለክትበት ጠረጴዛ አለ፣ መልስም በጽሑፍ ያገኛል።

የተዘጋ በር የሠለጠነን ሰው ገበሬ አያደርገውም። በ2015 መጋቢት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን ለአማራ ልዩ ኃይል አባላት መከላከያ ወይም ፖሊስ የመግባት አማራጭ ቀርቦ ነበር፤ ያልተዋጠለት መሣሪያውን ይዞ ወጣ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ገባ። የሁሉም ምክንያት አንድ ነው ማለት ስህተት ይሆናል። ሆኖም ተኩስ የሚያውቅ፣ ሥራ የሌለው፣ ወረቀቱ የተበላሸ ሰው ዛሬ በደቡብ ወሎ ማን ማን እንደሚፈልገው ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን መልሶ ለማቋቋም አቅዶ ተነሥቷል፤ ከታጠቀ ቡድን ለወጣው ፕሮግራም አለ ማለት ነው። ከመደበኛው ሠራዊት በመጥፎ የወጣው ግን እዚያም ስሙ አይነሳም፤ ታጥቆ ጫካ ቢገባ ኖሮ ይነሣ ነበር።

ጥያቄው ለሁሉም የደንብ ልብስ ይታደል አይደለም። የተሰናበተ ሁሉ ለምን እንደተሰናበተ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጠው። ቅሬታ ያለው ፋይሉ እንደገና እንዲታይ የሚያመለክትበት ቦርድ ይኑር፤ ለማመልከትም አዲስ አበባ ድረስ ሳይመላለስ ደሴ ላይ ይቀበሉት። ለመመለስ የማይበቃውም «አትበቃም፣ ምክንያቱ ይህ ነው» የሚል ማኅተም ያለው መልስ ይያዝና ኑሮውን በሌላ ይፈልግ።