ያልተነበበ መጽሐፍ ማንንም አያስጠይቅም

በዩኒቨርሲቲዎቻችን መጽሐፍ ከጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ። መጽሐፉን የተረከበበት የንብረት ቅጽ፣ ሞዴል 22፣ ከነፊርማው ፋይል ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ኦዲተር ይመጣል፣ ከደሞዙ ይቆረጣል። መጽሐፉ ዐሥር ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው አቧራ ቢጠጣስ? ማንም አይጠየቅም። እንዲያውም ያ ሠራተኛ ምስጉን ነው፤ ቆጠራ ሲመጣ አንድም አልጎደለበትም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴቴንም አልደብቅም።

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግማሽ ላይብረሪያን፣ ግማሽ የኮምፒውተር ሰው ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የመጽሐፉንም ቤት የሰርቨሩንም ቤት ጓዳውን አውቀዋለሁ። ሁለቱንም የሚገዛቸው የንብረት ክፍል መንፈስ ነው። የላይብረሪው ኃላፊ መጽሐፍ ይጠብቃል፣ የአይሲቲው ኃላፊ ዕቃ ይጠብቃል። ተማሪ የሚባለው ፍጡር ለሁለቱም ስጋት ነው።

የዲጂታል ላይብረሪያችን ኮምፒውተሮች የመጡበት ላስቲክ ሳይገፈፍ የዋስትና ጊዜያቸው አለቀ። ክፍሉ የሚከፈተውና የሚዘጋው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነበር፤ ተማሪው ትምህርት ላይ በሚሆንበት ሰዓት ማለት ነው። ማታ ለምን አይከፈትም ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ማን ፈርሞ ይረከባል?» የሚል ሆነ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ አላሳሰባቸውም፤ መብራትም፣ ጥበቃም አላሳሰባቸውም። ፊርማ!

ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 አምስት ሕጎቹን ሲያሳትም የመጀመሪያው «መጻሕፍት ለመጠቀሚያ ናቸው» የሚል ነበር፤ ለማስቀመጫ አላለም። ድሮ አውሮፓ ውስጥ መጻሕፍት ከመደርደሪያው ጋር በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር፤ ሰውየው የተነሣው ይህንን አስተሳሰብ ለመስበር ነው። የእኛ የላይብረሪ ሳይንስ ተማሪዎች ሕጎቹን ለፈተና ይሸመድዷቸዋል። ተመርቀው ሥራ ሲይዙ ግን ሰንሰለቱን ይረከባሉ፤ በሞዴል 22።

ወደ ሰርቨሩ ቤት እንሻገር። ኮሃ የሚባል የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒውዚላንድ ውስጥ ተጀምሮ በ2000 መባቻ ሥራ ላይ ዋለ፤ ለፈቃድ አንድ ብር አይከፈልበትም፣ ፊደላችንንም ይቀበላል። እኛ ጋ የጫነው አንድ ትጉህ ልጅ ነው፤ ማታ ማታ እየቀረ፣ ማንም ሳያዘው። ሰርቨሩ የአይሲቲ ነው፣ በውስጡ ያለው መረጃ የላይብረሪው ነው፣ የአድሚን ፓስዎርዱ ግን ያ ልጅ ጋ ነው። ልጁ የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ባንክ ሲቀጠር ፓስዎርዱም አብሮት ባንክ ገባ። ከዚያማ ነገሩ የሚታወቅ ነው፤ «ሲስተም የለም»። ላይብረሪው ለአይሲቲ ደብዳቤ ይጽፋል፣ አይሲቲው «ጉዳዩ እኛን አይመለከትም» ብሎ በደብዳቤ ይመልሳል፤ ለሚመለከተው ሁሉ ግልባጭ ይደረጋል። ሁለቱን ቢሮዎች የሚለያያቸው አንድ ፎቅ ነው።

ሲስተም መውደቁ በራሱ ነውር አይደለም። የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ሪሲዳ በተባለ የሳይበር ወንበዴ ቡድን ተመትቶ ሲስተሞቹ ተሽመድምደዋል። ዋናው ካታሎጉ የተመለሰው በጃንዋሪ 2024 ነው፤ ያውም ለመፈለጊያ ያህል። በማርች ግን ምን እንደደረሰበት፣ የራሱ ድክመት የት እንደነበር፣ ያረጁ ሲስተሞቹ ማገገሙን እንዴት እንዳከበዱበት ዘርዝሮ ለሕዝብ አወጣው፤ ሌላው ይማርበት ብሎ። እኛ ግን በኋላ ሰርቨሩ ራሱ ሲሞት የጻፍነው «በመብራት መቆራረጥ ምክንያት» የሚል አንድ መስመር ነው። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ መሰነባበቱን፣ ባክአፕ የተባለውም እዚያው የሞተው ሰርቨር ላይ መቀመጡን የጻፈ የለም። ቢጻፍ የሚጠየቅ ሰው ይኖራላ!

ካታሎጉ በሚሠራበትም ቀን ቢሆን መከራው አያልቅም። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ተማሪ «ጸሀይ» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለአንባቢ ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ካልነገሩት በስተቀር ምንም አይገናኙም። መንገር ደግሞ ይቻላል፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን አቻችሎ እንዲፈልግ ማዘዝ ለሚያውቀው ሰው ብርቅ ሥራ አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የደራሲ ስም ነገርማ አይነሣ። ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ የገለበጠ ካታሎግ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ሶፍትዌሩ «የቤተሰብ ስም» ስለጠየቀ ብቻ። ይህን የሚያቃና ሰው ፊደሉንም ሶፍትዌሩንም፣ የካታሎግ ሕጉንም ማወቅ አለበት። መዋቅራችን ግን ለእንዲህ ያለ ሰው መደብ የለውም፤ ወይ ላይብረሪያን ነህ ወይ አይሲቲ። ለነገሩ ፈልገው ያጡት መጽሐፍ ጠፋ አይባልም፤ መደርደሪያው ላይ አለ። ቆጠራው ትክክል ነው።

ተማሪው አልጠበቀንም። የዛሬው የኢትዮጵያ ተማሪ ላይብረሪ ቴሌግራም ነው፤ ከሲኒየር የወረደ ኖት፣ በስልክ ገጽ በገጽ የተነሣ መጽሐፍ፣ የአምናና የካቻምና ፈተና። ካድሬ አልቀሰቀሰውም፣ ፕሮጀክት አልደገፈውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። አለቆቻችን በስብሰባ ላይ ስለ ቅጂ መብት ሲሰብኩ ደሜ ይፈላል፤ ሕጋዊውን በር የቆለፉት እነሱው ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት ሂናሪ የተባለው ፕሮግራም ሲጀመር፣ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ያሉ ተቋማት ውድ የሕክምና ጆርናሎችን በነፃ እንዲያነብቡ በር ተከፍቷል፤ በኋላም የግብርናው፣ የአካባቢ ጥበቃውና የቴክኖሎጂው ተጨምሮ ሪሰርች ፎር ላይፍ ተብሏል። በኛ ግቢ መግቢያው ፓስዎርድ በአንድ ኃላፊ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ተጽፎ፣ ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ፣ መሳቢያው ተቆልፎ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

የመመረቂያ ጽሑፉን ጉድ ሳልናገር አላልፍም። ተመራቂው ክሊራንስ ለማስፈረም ጽሑፉን በሲዲ ይዞ እንዲመጣ ይታዘዛል። ላፕቶፑ የሲዲ ማንበቢያ የለውም፤ ስለዚህ ግቢው በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍሎ ያስገለብጣል። የሚረከበው ሠራተኛ ኮምፒውተርም ማንበቢያ የለውም። ሲዲው ግን ቁጥር ይሰጠዋል፣ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ ይፈረምለታል። ባዶ ሲዲ ያመጣ ተማሪ ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር በዲጂታል ማከማቻ ገብቶ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል። አይቻልም እንዳይሉኝ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት ስለሚገኙ ዋሽንግተን የተቀመጠ ሰው ያነባቸዋል። የእኛውን ተማሪ ጽሑፍ ግን በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ግቢ ውስጥ ያው ርዕስ የተሰጠው ተማሪ አላየውም፤ አንድ ጉዳይ ሁለቴ ተጠና፣ ሁለቴ ሲዲ ተገለበጠ።

«በጀት የለም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለላስቲክ ለባሾቹ ኮምፒውተሮች በጀት ነበረ። ለዳታ ሴንተሩ ምረቃ፣ ለሪባኑ፣ ለኬኩ በጀት ነበረ። የጠፋው ለባትሪ መለወጫ፣ ያን ልጅ ባንክ ሳይወስደው ለማቆያ የሚሆነው ነው። መግዛት በሪፖርት ላይ «ክንውን» ይባላል፤ የተገዛውን በሕይወት ማቆየት የሚጻፍበት ዓምድ ሪፖርቱ ላይ የለም።

ክቡር የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት፣ የምጠይቅዎ አዲስ ሕንፃ አይደለም። ሲጠቀሙበት ለሚጠፋና ለሚቀደድ መጽሐፍ ልክ ይወስኑ፤ እስከዚያ ልክ ድረስ የሠራተኛው ደሞዝ አይነካ። ላይብረሪውንና ሰርቨሩን ለአንድ ሰው ያስረክቡ፤ ካታሎግ ሲጠፋ ያ ሰው ይጠየቅ፤ ፓስዎርዱም በአንድ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ አይደር። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብልዎ ስንት መጽሐፍ እንዳለን ሳይሆን ስንቱ ወጥቶ እንደተነበበ፣ ስንት ሰዓት ሲስተም እንዳልነበረ ይጠይቁ። በመጪው ሐምሌ ደግሞ «ለቆጠራ ተዘግቷል» የሚለውን ወረቀት በሩ ላይ እንዳይለጥፉብን ያዝዙልን፤ የክረምት ተማሪዎች አሉን።