ከማጉላት በፊት መቀነስ፦ በአማተር ራዲዮ መቀበያ ላይ የሚደርስ ከልክ ያለፈ ጫና እና የምርመራ ሥርዓቱ

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በ7 ሜጋኸርዝ የአማተር ክልል መቀበያውን የሚከፍት ሰው አንድ ግር የሚያሰኝ ነገር ሊገጥመው ይችላል። የአማተሮች የሞርስ ወይም የዲጂታል ግንኙነት ሊሰማበት በሚገባው በ7.040 ሜጋኸርዝ ላይ የብሮድካስት ጣቢያ ሙዚቃና ንግግር ተደበላልቆ ይሰማል። የመጀመሪያው ፍርድ ወዲያው ይሰጣል፦ አንድ አሰራጭ ያለ ፈቃድ የአማተሮችን ክልል ጥሶ ገብቷል። ሁለተኛው ፍርድ ተከትሎ ይመጣል፦ ደካማ ጣቢያዎች ስላልተሰሙ መቀበያው ማጉያ ሊጨመርለት ወይም አንቴናው ሊረዝም ይገባል። ሁለቱም ፍርዶች የተሳሳቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል።

ነገሩን በአኃዝ ማየት ይቀላል። አፍሪካን፣ አውሮፓንና መካከለኛው ምሥራቅን በሚያጠቃልለው የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቀጣና 1 ውስጥ ከ7.000 እስከ 7.200 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል የአማተሮች ሲሆን ከ7.200 እስከ 7.450 ያለው የአጭር ሞገድ አሰራጮች ነው። በመካከላቸው አጥር የለም። ሌሊት ከሩቅ አገር የሚመጣው የአሰራጮቹ ሞገድ ከአዮኖስፌር ተንጸባርቆ በከፍተኛ ጉልበት ይደርሳል። ሁለት ኃይለኛ ጣቢያዎች አንዱ በ7.220 ሌላው በ7.400 ሜጋኸርዝ ላይ አሉ እንበል። ሁለቱም በአንቴናው በኩል ወደ መቀበያው መግቢያ ይደርሳሉ፤ የመግቢያው ማጣሪያ ይህን ያህል ቅርብ የሆኑትን ለይቶ ሊያስቀር አይችልም። የመጀመሪያው ማጉያ ወይም ቀላቃዩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የገባለትን ሞገድ በትክክል ማባዛቱን ትቶ ሁለቱን እርስ በርስ ያዳቅላቸዋል። የ7.220 እጥፍ 14.440 ነው፤ ከዚያ 7.400 ሲቀነስ 7.040 ይቀራል። ስለዚህ በ7.040 ላይ የሚሰማው ጣቢያ በዓለም ላይ የለም። የተወለደው እዚያው በሚያዳምጠው ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንደሚባለው፣ መቀበያው የራሱን ጥፋት ከውጭ የመጣ አስመስሎ ያቀርባል።

ይህን የጥላ ምልክት ከእውነተኛው የሚለየው መሣሪያ በጣም ርካሽ ነው፤ በአንቴናውና በመቀበያው መካከል የሚገባ የ10 ዴሲቤል ማዳከሚያ ይበቃል። ብዙ የአማተር ራዲዮዎች ይህን በአንድ ቁልፍ ይዘውት ይመጣሉ፤ ባለቤቶቻቸው ግን እምብዛም አይነኩትም። ምልክቱ በእርግጥ ከአየር የመጣ ከሆነ ማዳከሚያው ሲገባ በ10 ዴሲቤል ይቀንሳል። በመቀበያው ውስጥ የተወለደ የሦስተኛ ደረጃ ድብልቅ ከሆነ ግን በ30 ዴሲቤል ይወርዳል፤ የወላጆቹ ጉልበት በ1 ዴሲቤል በቀነሰ ቁጥር የእርሱ በ3 ይቀንሳልና። በራዲዮው የምልክት መለኪያ ላይ አንድ ደረጃ በስምምነት 6 ዴሲቤል ነው። 10 ዴሲቤል ሁለት ደረጃ እንኳ አይሞላም፤ 30 ዴሲቤል ግን አምስት ደረጃ ነው። የርካሽ ራዲዮዎች መለኪያ ስምምነቱን በትክክል አይጠብቅም፤ ቢሆንም ለማንም ጀማሪ በሁለትና በአምስት መካከል ያለው ልዩነት የሚሰወር አይደለም።

«ማዳከሚያው ደካማውን ጣቢያስ አብሮ አያጠፋውም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። በ7 ሜጋኸርዝ መልሱ ከአንቴናው ጋር አለ። አንቴናው ሲነቀል የድምፅ ማጉያው ሹክሹክታ በግልጽ የሚወርድ ከሆነ፣ ሲሰማ የነበረው ጫጫታ የመቀበያው ሳይሆን የከባቢ አየርና የከተማው ኤሌክትሪክ ነው ማለት ነው። በዚህ ድግግሞሽ የውጭው ጫጫታ ከመቀበያው የራሱ ጫጫታ በብዙ ስለሚበልጥ፣ ማዳከሚያው ጣቢያውንም ጫጫታውንም እኩል ያወርዳቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አይለወጥም። ድምፁን ከፍ ማድረግ ብቻ ይበቃል። አምራቾች በመግለጫው ራስጌ ላይ የሚያስቀምጡት የስሜት ስለት እዚህ ላይ አብዛኛው ትርፍ ነው፤ የሚያጥረው የመሸከም አቅም ነው።

ጫናው ሁልጊዜ በጥላ ምልክት መልክ አይመጣም። ሌላው ገጽታው ድንዛዜ ነው። ሁለት ተማሪዎች ሁለት የእጅ መገናኛ ራዲዮዎችን ገዝተው በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሜትር ርቀት ይሞክሯቸዋል። ድምፁ ተቆራርጦና ተጣሞ ይወጣል፤ ራዲዮዎቹም «ብልሹ» ይባላሉ። የእነዚህ ራዲዮዎች የማስተላለፍ ኃይል ወደ 5 ዋት ገደማ ነው። አጭሩ የጎማ አንቴና የሚያባክነው ተቀንሶ እንኳ በዚያ ርቀት ወደ መቀበያው የሚገባው ኃይል ሚሊዋትን የሚያክል ነው። መቀበያው ግን የተሠራው 0.2 ማይክሮቮልት ለመስማት፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዋት በትሪሊዮን እጥፍ ያነሰ ኃይልን ለመለየት ነው። ሻማ ለማየት የተዘጋጀ ዓይን ፀሐይ ላይ ሲያፈጥ እንደሚታወረው ያለ ነው። ራዲዮዎቹን አንዱን በአንድ ሕንፃ ሌላውን በሌላ አድርጎ መሞከር ብቻ ብዙ የመልስ ጉዞ ያስቀራል።

ከተማዋን ቁልቁል የሚያዩ ኮረብቶች ላይም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ከፉሪ ተራራ የብሮድካስት ማሰራጫዎች አጠገብ የ145 ሜጋኸርዝ የእጅ ራዲዮ ይዞ የቆመ ሰው ከፍታው ሩቅ ያሰማኛል ብሎ ይጠብቃል፤ ሊገጥመው የሚችለው ግን ዝምታ ነው። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያሉት የኤፍ ኤም ጣቢያዎች በድግግሞሽ ሩቅ ቢሆኑም በጉልበታቸው የመቀበያውን የፊት ክፍል ያፍኑታል። እዚህ ላይ ማዳከሚያው የሚሰጠው ውጤት የሚያስገርም ነው፦ ምልክቱ ሲዳከም ይሰማል። ዘላቂው መፍትሔ የኤፍ ኤሙን ክልል የሚያስቀር ማጣሪያ ነው፤ ነገር ግን የመገናኛ ራዲዮ በዚያው አንቴና ስለሚያስተላልፍ ማጣሪያው የማስተላለፊያውን ኃይልም መሸከም አለበት። ለመቀበያ ብቻ የተሠራ ማጣሪያ ገዝቶ በመሰካት የተቃጠለው ማጣሪያ ብዙ ነው።

ይህ የምርመራ ዘዴ ወሰን አለው፤ ወሰኑን ደብቆ ዘዴውን ማወደስም ተገቢ አይሆንም። ማዳከሚያው የሚነግረው ድብልቁ ከእርሱ በኋላ መወለዱን ብቻ ነው። የዛገ የቆርቆሮ ጣሪያ መጋጠሚያ፣ የላላ የአንቴና ምሰሶ ብሎን ወይም በአንቴናው ላይ የተገጠመ ማጉያ ሞገዶችን አስቀድሞ ሊያዳቅል ይችላል፤ በብረት መካከል የሚፈጠር ዝገት እንደ ዳዮድ ይሠራልና። እንዲህ ያለው ውላጅ 10 ዴሲቤል ሲዳከም 10 ብቻ ይቀንሳል፤ መርማሪውን «እውነተኛ ነው» ብሎ ያሳስተዋል። ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ በለበሰበት ከተማ ይህ ተራ ነገር አይደለም። አንዱ ፍንጭ ዝናብ ነው፦ ጣሪያው ሲርስ የሚለወጥ ወይም የሚጠፋ ጣልቃ ገብ ምልክት የሚመረመረው ጣሪያው ላይ ነው። ሁለተኛው ወሰን አዲሶቹን የአንቴናውን ሞገድ በቀጥታ ወደ ቁጥር የሚለውጡ ራዲዮዎች ይመለከታል። በእነርሱ ላይ የ1 ለ3 ሕጉ አይጸናም፤ ቁጥር ለዋጩ እስከ ጣሪያው ድረስ በንጽሕና ይሠራና ጣሪያውን ሲነካ በድንገት ይፈርሳል። ቢሆንም ከ10 ዴሲቤል በላይ የወደቀ ምልክት በእነርሱም ላይ ተጠርጣሪ ነው።

ጉዳዩ ከትርፍ ጊዜ ጨዋታ አልፎ የምርምር ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በኮምፒውተር ላይ የሚሰካ፣ በ8 ቢት የሚሠራ የሶፍትዌር ራዲዮ መቀበያ በርካሽነቱ ምክንያት የፍሪኩዌንሲ አጠቃቀምን ለሚለካ የመመረቂያ ጥናት ይማርካል። የ8 ቢት ለዋጭ በንድፈ ሐሳብ እንኳ የሚይዘው የጉልበት ስፋት ወደ 50 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ በአንድ ከተማ ውስጥ በአቅራቢያ ኤፍ ኤም ጣቢያና በሩቅ የእጅ ራዲዮ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከዚህ በብዙ ይበልጣል። መሣሪያው በትልቅ አንቴናና በከፍተኛ ማጉያ ሲሠራ ሠንጠረዡ በጥላ ምልክቶች ይሞላል፤ ቆጣሪው ፕሮግራምም እያንዳንዱን «የተያዘ ቻናል» ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ የሚወጣው ድምዳሜ፣ ለምሳሌ ይህ ክልል ለአዲስ አገልግሎት ቦታ የለውም የሚለው፣ ስለ ከተማው አየር ሳይሆን ስለ መሣሪያው ድክመት የተጻፈ ይሆናል። ገምጋሚዎች የናሙናውን ብዛትና የስታትስቲክሱን ዘዴ ሲጠይቁ፣ መቀበያው ተጭኖ እንደነበር የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው። ይህ ጥያቄ በመከላከያው መድረክ ላይ ሊነሣ ሳይሆን በስልቱ ምዕራፍ ውስጥ ሊመለስ ይገባዋል። ልኬቱን በ10 ዴሲቤል ማዳከሚያ መድገም፣ ከ10 በላይ የወደቁትን ከቆጠራው ማውጣት፣ የወጡትንም ቁጥር መጻፍ። አንድ ተጨማሪ ቀን የሥራ ጊዜ ይወስዳል፤ ደካማ ምልክቶችን እንደሚያሳጣም እሙን ነው። ነገር ግን ያልተሰማ ደካማ ጣቢያ ልኬቱን ጎደሎ ያደርገዋል፤ የሌለ ጣቢያ ግን ሐሰት ያደርገዋል፤ ሁለቱ ጉድለቶች እኩል አይደሉም።

ለጣልቃ ገብነት አቤቱታም መለኪያው ይኸው መሆን አለበት። በሌለ አሰራጭ ላይ የቀረበ አቤቱታ የተቆጣጣሪውን ባለሙያዎች ጊዜ ያባክናል፤ በማግሥቱ በእውነተኛ ጥሰት ላይ የሚቀርበውንም ያረክሰዋል።

ትምህርቱን ለመስጠት ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ ዓይነተኛው ቦታ ነው፤ አጭር ሞገድ ያለበት አንቴና ሌሊት ላይ የማንኛውንም መለኪያ መሣሪያ ያህል ያስተምራል። ማዳከሚያውም በእጅ ይሠራል። ለ50 ኦም መስመር ስሌቱ በመስመሩ ላይ 71 ኦም፣ በሁለቱ ጫፎች ወደ ምድር 96 ኦም ያሳያል፤ በየሱቁ በሚገኙት በ68ና በሁለት 100 ኦም ሬዚስተሮች ሲሠራ ወደ 9.6 ዴሲቤል ገደማ ያዳክማል፤ ለምርመራው ይበቃል። ከ5 ዋት ውስጥ ግን ወደ 4.5 የሚጠጋው በእነዚያ ሬዚስተሮች ላይ ሙቀት ሆኖ ስለሚቀር፣ የሩብ ዋት ሬዚስተር ተሰክቶ ሳለ የማስተላለፊያው ቁልፍ መነካት የለበትም፤ ማይክሮፎኑን አስቀድሞ መንቀል ይመረጣል።