ማኅደር ማደሪያ ነው

ድመት የተከፈተ የሙዚቃ መሣሪያ ሣጥን ካየች ሳትገባበት አታልፍም። ቫዮሊን ይሁን ጊታር፣ ክራር ይሁን በገና ለእርሷ ልዩነት የለውም፤ መሣሪያው ወጥቶ ክዳኑ ክፍት ከቀረ ቦታው የእርሷ ነው። ሁለት ጊዜ ትዞራለች፣ ከፈዩን በፊት እግሮቿ ትረግጣለች፣ ከዚያም ጅራቷን በአፍንጫዋ ላይ ጥላ ትጠቀለላለች። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ያልፋል። እኔ ግን ዛሬ ልከራከርበት ተነሥቻለሁ። የሙግቴ ተከሳሽ ድመቷ አይደለችም፤ ሣጥኑን የዘጉት ሰዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አርባ ምንጭ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የኪነት ክበብ ውስጥ፣ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ክራር ይማሩ ነበር። ከባንክ መስኮቴ ስላቀቅ ጎራ እያልሁ አዳምጣቸዋለሁ። አንዲት ግራጫ ድመትም አትጠፋም። ልጆቹ ክራሩን ሲያወጡ እርሷ ሣጥኑ ውስጥ ትገባለች፤ ሲጨርሱ ያለ ጠብ ትለቅላቸዋለች። ከዕለታት አንድ ቀን በሣጥኑ ከፈይ ላይ የድመት ፀጉር ተገኘ። ውሳኔው ፈጣን ነበር። ድመቷ ተባረረች፤ ክራሮቹ “ለቅርስ ክብር ሲባል” ቁም ሣጥን ገብተው ተቆለፈባቸው፤ ቁልፉም ለበዓል ካልሆነ እንዳይወጣ ታዘዘ። ልጆቹ ሁለት ሦስት ቅዳሜ መጥተው የተዘጋ በር ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ አልመጡም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ፍርዱን ከመስጠትህ በፊት በመጀመሪያ የድመቷን ጉዳይ እንመልከት።

ድመት ሣጥን የምትወደው በጥጋብ አይደለም። ሰውነቷን ለማሞቅም ሆነ ለማቀዝቀዝ ጉልበት የማታወጣበት የአየር ሙቀት ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህ ለእኛ ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሙቀት ነው። ስለዚህ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በቆላማዋ አርባ ምንጭ እንኳ፣ እኛ ጥላ ስንፈልግ ድመት ከፈይ ትፈልጋለች። 37 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሽቅብ ተጉዘን ጨንቻ ስንደርስ ደግሞ፣ በ2,700 ሜትር ከፍታ ጉምና ብርድ መካከል፣ ፍላጎቷ ምን ያህል እንደሚበረታ መገመት አያዳግትም። የመሣሪያ ሣጥን ግድግዳው ነፋስ ያግዳል፣ ምንጣፉ ሙቀት ይይዛል፣ ጥበቱም ጀርባዋን ይሸፍንላታል።

ሙቀት ብቻም አይደለም። በኔዘርላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ወደ መጠለያ ገና የገቡ 19 ድመቶችን ለሁለት ከፍለው ለ10ሩ መደበቂያ ሣጥን ሰጡ፤ ዘጠኙን ያለ ሣጥን አቆዩ። ሣጥን ያገኙት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ድመት ሣጥን ስትገባ የምትፈልገው እንግዲህ እኛም ማታ በራችንን ዘግተን የምንፈልገውን ነው። ይህ ወንጀል ከሆነ ሁላችንም ወንጀለኞች ነን።

“መሣሪያውን ታበላሻለች” ይሉኛል። ይህ ክርክር መልስ ይገባዋል፤ ከሥሩ እውነት አለውና። የክራርና የበገና ገበቴ በቆዳ የተወጠረ ነው፤ ጥፍር ቆዳ ይቧጭራል። የበገና ዐሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት የሚሠሩ ናቸው፤ ድመት ቢጫወቱባት የምትጫወት ፍጥረት ናት። ይሁንና ድመቷ ሣጥኑ ውስጥ የምትተኛው መሣሪያው በሌለበት ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ። በሰው እቅፍ ያለን ክራር በባዶ ሣጥን የተኛች ድመት እንዴት አድርጋ ትቧጭረዋለች? ፀጉሯ ያስጨነቀው ሰው ከፈዩ ላይ አሮጌ ነጠላ ያንጥፍ፤ ወይም ክራሩን ሲያወጣ ክዳኑን መልሶ ይክደን፤ ወይም የሳሙና ካርቶን ከአጠገቡ ያስቀምጥላት። ካርቶንና የቫዮሊን ሣጥን በድመት ዐይን እኩል ናቸው። ሦስቱም መፍትሔዎች ከቁልፉ ዋጋ ይረክሳሉ።

ደግሞስ አንጀትና ቆዳ የሚወድ ሌላ ፍጥረት በቤታችን የለምን? አይጥ አለች። በጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመት የተቆለፈ የአንጀት አውታር ለአይጥ ድግስ ነው። ሰውና ድመትን ጥንት ያገናኛቸው ይኸው የአይጥ ጉዳይ እንደሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ሰው እህል አከማቸ፣ አይጥ እህሉን ተከትላ መጣች፣ ድመት አይጧን ተከትላ መጣች። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመታት በፊት አንድ ሰውና አንዲት ድመት ጎን ለጎን ተቀብረው መገኘታቸውም እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሆኗል። እኛ ዛሬ ያንን የዘመናት ጠባቂ አባርረን አይጧን ከክራሩ ጋር ቆለፍንባት።

ድመት በሙዚቃው ዓለም ያልሠራችው ሲጫንባት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በእንግሊዝኛ የቫዮሊን አውታር “ካትገት” ሲባል ኖሯል፤ ስሙ “የድመት አንጀት” ማለት ይመስላል፤ አውታሩ ግን እንደ በገናችን ሁሉ በአብዛኛው ከበግ አንጀት ነው የሚሠራው። አገራችንም “ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ” እያለች ትተርትባታለች። ይሁን፤ አትርሳ። እኛ ግን ዐመላችንን መች ረሳን? የምንወደውን ነገር ቆልፈን መግደል የቆየ ዐመላችን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የቆየው ቋንቋችን ለመሣሪያ ሣጥን የሚሆን ድንቅ ቃል አለው፤ “ማኅደር” ይባላል። ሊቃውንት የብራና መጽሐፋቸውን የሚከቱበት፣ በጠፍር አንግተው ከአገር አገር የሚዞሩበት የቆዳ ቤት ስሙ ማኅደር ነው። ቃሉ የተገኘው “ኀደረ” ከሚለው የግእዝ ግስ ሲሆን ትርጉሙም “አደረ” ማለት ነው። ማኅደር እንግዲህ ማደሪያ ነው። ያደረ ነገር ደግሞ ሲነጋ ይነሣል። ደብተራው ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥቶ ይደግማል፣ ማታ መልሶ ይከተዋል። ገብቶ የማይወጣበት ቤት ሌላ ስም አለው፤ መቃብር ይባላል። ያቺ ግራጫ ድመት የማኅደርን ትርጉም ከክበቡ ሰዎች በተሻለ ታውቅ ነበር። ትገባለች፣ ታርፋለች፣ ባለቤቱ ሲመለስ ትወጣለች።

በእኔ መሥሪያ ቤትም “ማኅደር” የሚባል ነገር አለ፤ የደንበኛ ሰነድ የሚታሰርበት ፋይል ነው። የባንክ ሠራተኛ በመሆኔ ስለ ቁልፍና ስለ ካዝና አንድ ሁለት ነገር አውቃለሁ። ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ የቁጠባ ሂሳብ ከሌሎቹ ይለያል፤ ባለቤቱ ተመልሶ ሲመጣም ማንነቱን አስረድቶ እንደገና ማስከፈት ይኖርበታል። ገንዘብ ካዝና ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አይወልድም፤ የሚወልደው ተበድሮ ወጥቶ ሲሠራ ነው። ክራርም እንዲሁ ነው። ሀብትነቱ የሚታየው ከልጅ እጅ ላይ ሲሆን ነው። ያን ዕለት ከተዘጋ በር የተመለሱት ልጆች ከዐሥር ዓመት በኋላ መጥተው “የእኛ ነው” ሊሉ ቢፈልጉ፣ ማንነታቸውን በምን ያስረዳሉ? ጣታቸው ድርደራውን ረስቶታልና።

“ለበዓል ይወጣል” የሚለውን መልስ ሰምቻለሁ። ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. 19ኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን እዚሁ አርባ ምንጭ ተከበረ። ከተማችን ከየአቅጣጫው እንግዳ ተቀበለች፤ ያላት ጌጥና ድምፅ ሁሉ ወጣ። ደስ ብሎኛል፤ በዓሉን የሚቃወም ልብም የለኝም። ነገር ግን ኢትዮጵያ ባለ ዐሥራ ሦስት ወር ጸጋ ናት፤ ኅዳር 29 ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በቀሩት ቀናት ክራሩ የት ይዋል? ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ በአንዲት ቀን እንዲናገር የሚጠበቅ መሣሪያ፣ በዚያች ቀንም ቢሆን ከደርዳሪው እጅ ጋር ባይተዋር ነው። አውታር ካልተመታ ቅኝቱ ይላላል፤ ጣት ካልተለማመደ ይደነዝዛል። ለካሜራ የሚበቃ ክራር ለጆሮ ላይበቃ ይችላል።

ከጋሞ ምድር ሳንወጣ ተቃራኒውን ላሳያችሁ። የዶርዜዎች የብዙ ድምፅ ዜማ ሣጥን የለውም። አንዱ ይመራል፣ ሌላው ከላይ ይደርብበታል፣ ሌላው ከሥር ይሸከመዋል፤ መሣሪያው ጉሮሮ፣ ማኅደሩም ሰው ነው። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶርዜ ድረስ መጥቶ ይህን ዜማ ቀድቶ በሸክላ አሳትሞታል። ሸክላው መልካም ሥራ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ሆኖም ዜማው እስከ ዛሬ የዘለቀው በየዓመቱ መስቀል ሲብት አፋቸውን የሚከፍቱ ሰዎች ስላሉ ነው። የዶርዜን ሸማኔም ተመልከቱ። ጨንቻ አካባቢ ይቀመጥ ወይም አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ፣ መወርወሪያውን ሣጥን ከትቶ “ቅርስ ነው፣ እንዳትነኩት” የሚል ሸማኔ አይታችኋልን? መወርወሪያው ቅርስ የሆነው ሲወረወር ስለኖረ ነው።

ቁልፍ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከበገና ታሪክ እንማር። የበገናው ሊቅ ዓለሙ አጋ ይህን መሣሪያ የተማሩት ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ እንጦጦ፣ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩት። በደርግ ዘመን የበገና ትምህርት ከዚያ ተቋረጠ። ያኔ በገና ሁሉ በየቤቱ ተቆልፎበት፣ ጥቂቶችም ባይደረድሩት ኖሮ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ በገና ታቅፈው የምናያቸው ወጣቶች ከማን ይማሩት ነበር? ይህ ሁሉ የተጀመረው አንድ መምህር አንድን የ12 ዓመት ልጅ መሣሪያውን እንዲነካ ስለፈቀዱለት ነው። “ልጅ ነው፣ ይሰብረዋል” ቢሉ ኖሮ ዘመናዊው የበገና ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። የተሰበረ በገና ይጠገናል፤ ያልተማረ ልጅ ግን ያድግና ያልፋል።

አንዳንድ ወዳጆቼ “ስለ አንዲት ድመት ይህን ያህል ቀለም?” ብለው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። በእስልምናው ዓለም የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ነቢዩ መሐመድ ለጸሎት ሊነሡ ሲሉ ድመታቸው በልብሳቸው እጅጌ ላይ ተኝታ አገኟት፤ እንዳይቀሰቅሷትም እጅጌውን ቆርጠው ተነሡ ይባላል። በዚህ ትረካ ውስጥ ልብሱ ቀረ፣ ድመቷም ተኛች፣ ጸሎቱም አልታጎለም። በእኛ ክበብ ሦስቱም ተገለበጡ። ከፈዩ ዳነ፤ ድመቷ ተባረረች፤ ዜማው ታጎለ። ለጨርቅ ሲባል ዜማ የተሠዋበትን ውሳኔ ነው “የቅርስ ጥበቃ” ብለው የሰየሙት።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ቁም ሣጥኑ ይከፈት። ክራሮቹ እንደ አባቶቻችን ልማድ ከግድግዳው ችካል ላይ፣ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቁመት ይሰቀሉ። አውታር ቢበጠስ ይቀየር፤ ቆዳ ቢላላ ይወጠር፤ ልጆቹም በየቤታቸው ተፈልገው “ኑ፣ ቅዳሜ ተመልሷል” ይባሉ። የድመቷን ነገር ለእኔ ተዉልኝ፤ ካርቶኑን እኔ አመጣለሁ። እርሷ ግን ካርቶኑን ንቃ ከከፈዩ ሣጥን ብትገባ፣ ማንም እጁን እንዳያነሣባት። እርሷ በዚያ ተኝታ ከታየች ክራሩ ወጥቶ እየተናገረ ነው ማለት ነው።

ለማጠቃለያ፣ ለእነዚያ ቅዳሜ ለተወሰደባቸው ልጆች የጻፍኋትን አራት ስንኝ እነሆ፦

ድመት ስትተኛ ከክራሩ ማኅደር፣
ክራሩ ደጅ ወጥቷል፣ ከሰው ሊነጋገር።
ድመቷ ስትባረር፣ ሣጥኑ ሲቆለፍ፣
ዝምታ ተኛበት፣ ትውልድ እስኪታለፍ።