ናሽናልስ፦ ችግሩ አሰልጣኙ ነበር?

የዋሽንግተን ዲሲው የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ እ.ኤ.አ. በ2019 ሂውስተንን አሸንፎ ዋንጫ አንስቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠበት አንድም የውድድር ዓመት የለም።

በ2025 ከ162 ጨዋታዎች 96ቱን ተሸንፎ ከምድቡ መጨረሻ ሆነ። ውድድሩ ሳያልቅ አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝና ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞ በአንድ ቀን ተሰናበቱ።

ልብ በሉ! ዋንጫውን ያመጡትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ታዲያ ምን ተቀየረ? ተጫዋቾቹ! ሸርዘርና ተርነር በ2021፣ ሶቶ በ2022 ለሌላ ቡድን ተሰጡ። በሶቶ ምትክ የመጡት ጄምስ ውድና ሲጄ ኤብራምስ ጎበዞች ናቸው፤ ግን ሁለት ልጅ ብቻውን ቡድን አይሆንም።

እንደኛ፣ ባለቤቶቹ ለተጫዋች ገንዘብ ካላወጡ አሰልጣኝ መቀያየር ዋጋ የለውም። ዲሲ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?