ድንጋዩ እንደሚሰነጠቅ ለገዢ ይነገራል፤ ዋሻው እንደሚደረመስ ለቆፋሪው ማን ይንገረው?

በ1980ዎቹ አጋማሽ ከመንዝና ግሼ ደጋ፣ ከመዘዞ ዙሪያ የወጣው ኦፓል ለዓለም ገበያ አዲስ ነበር። ቡናማ፣ ቸኮሌት የመሰለ፣ በድቡልቡል ድንጋይ ውስጥ ተሸሽጎ የሚገኝ ማዕድን ነው። ገበያ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የውጭ አገር የከበሩ ድንጋዮች ባለሙያዎች አጠኑት። ቀለሙን፣ በውስጡ ያለውን ውሃ፣ የመሰንጠቅ ጠባዩን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ዛሬ ባሕር ማዶ ሆኖ የመዘዞን ኦፓል የሚገዛ ነጋዴ ድንጋዩ ሊሰነጠቅበት እንደሚችል አውቆ ነው የሚገዛው።

ዶማና ባትሪ ይዞ ጉድጓድ የሚገባው የግሼ ወጣትስ? ከራሱ በላይ ያለው አፈር ይይዝ አይይዝ በየትኛው ወረቀት ላይ ያነባል? በየትኛው ስብሰባ ላይ ይሰማል?

የድንጋዩ አደጋ ለገዢው ሪፖርት ይደረጋል። የሰው አደጋ ግን አደጋው ለሚደርስበት ሰው አይነገርም። የአገራችን የማዕድን ዘርፍ ትልቁ ነውር ይኸው ነው።

ነገሩ የግምት አይደለም። ከመንዝ በስተሰሜን፣ በደቡብ ወሎ ደላንታ፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ኦፓል ከገደል አፋፍ እየተቦረቦረ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. ዋሻ ተደርምሶ ወጣቶች ውስጥ ሲቀሩ አገር ሁሉ ደነገጠ፤ ከዚያ ረሳ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከመደርመሱ በፊት የትኛው ዋሻ አደገኛ እንደሆነ በይፋ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ቢኖር ኖሮ፣ ቢያንስ የገባው አውቆ ይገባ ነበር።

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳይባል ሕጉ ሞልቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል። አንቀጽ 92 አካባቢን የሚነካ ዕቅድ ሲነደፍም ሲፈጸምም ሕዝብ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የተጽዕኖ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ በተለይ ጉዳቱ ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረሰብ ያለው ሐሳብ እንዲካተት ያዛል። መረጃ የመጠየቅ መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የማዕድንና የነዳጅ ዘርፍን ግልጽ ለማድረግ የተቋቋመውን ዓለም አቀፍ ኅብረት በእጩነት ተቀላቅላለች።

ወረቀቱ ይህን ይላል። በተግባር ግን «የሕዝብ ምክክር» ማለት ብዙ ጊዜ የምንድን ነው? ገበሬው ይጠራል፤ ስለ ልማት ጥቅም ንግግር ይሰማል፤ የመገኘት ፊርማ ያኖራል፤ ፎቶ ይነሣል። የመገኘት ፊርማው ወደ ቢሮ ሲደርስ የስምምነት ፊርማ ይሆናል። ጥናቱ ራሱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በመቶ ገጽ ተጠርዞ፣ መሳቢያ ይገባል። ሊጎዳ የሚችለው ሰው ሳያየው የተቀመጠ ጥናት ሪፖርት አይባልም።

ይህ ልማድ ምን እንደሚያስከፍል ማወቅ የሚፈልግ የጉጂን ለገደንቢ ይመልከት። ነዋሪዎች ለዓመታት ጽንስ ይጨነግፋል፣ ሕፃናት ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ፣ ከብት ያልቃል ብለው ሲጮኹ ኖሩ። በ2010 ዓ.ም. የሚድሮክ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ ሊታደስ መሆኑ ሲሰማ ተቃውሞ ፈነዳ፤ በግንቦት ወር የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። ከዚያ በኋላ ጥናቶች ተካሄዱ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ ጥናቶቹ ለሕዝብ ይፋ ሳይሆኑ በ2013 ዓ.ም. ማዕድኑ እንደገና ሥራ እንዲጀምር መፈቀዱን ገልጿል። ሕዝቡ «ውሃችን ምን አለበት?» ብሎ ጠየቀ፤ ሌላ ሰው መልሱን አነበበ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ግን በሽታውን የደበቀው ሌላ፣ መድኃኒት ያጣው ሌላ ነው።

ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። ከሙከጡሪ ተነሥቶ ጀማን ተሻግሮ ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ በለሚ በኩል ያልፋል። እዚያ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ግዙፉ የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። ሲሚንቶ በጠፋበት፣ ዋጋው ጣሪያ በነካበት አገር ይህ መልካም ዜና ነው። ፋብሪካው አጥፍቷል የሚል ክስም እዚህ አልቀረበም። ጥያቄው ሌላ ነው። ሲሚንቶ ማለት ተራራ ማፍረስ ነው፤ ድማሚት አለ፣ አቧራ አለ፣ ውሃ ይፈልጋል፣ መሬት ይወስዳል። የአካባቢው ገበሬ የአቧራውን ልክ፣ የምንጩን የምርመራ ውጤት፣ የፍንዳታውን ሰዓት፣ የካሳውን ስሌት በገዛ ቋንቋው ማንበብ የሚችልበት ቦታ የት ነው? ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር መመለስ የማይችል ባለሥልጣን ስለ ግልጽነት ባያወራ ይሻላል።

መደበቅን የሚደግፉ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። ሦስቱም ውሃ አያነሱም።

አንደኛው «ባለሀብት ይሸሻል» የሚለው ነው። ለገደንቢን ለሦስት ዓመት ገደማ ያዘጋው ይፋ የወጣ ሪፖርት ነው? አይደለም። ያዘጋው ያልተሰማ ሕዝብ ቁጣ ነው። በብራዚል ብሩማዲኞ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የማዕድን ዝቃጭ ግድብ ተንዶ 270 ሰው ሞተ። ግድቡ አስተማማኝ ነው የሚል ማረጋገጫ ከወራት በፊት ተሰጥቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ዝቃጭ ግድቦቻቸው እያንዳንዱን መረጃ ይፋ እንዲያወጡ ከ700 በላይ ኩባንያዎችን የጠየቁት ራሳቸው ባለሀብቶች ናቸው፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጡረታ ፈንድ ከፊት ነበር። ትልቅ ገንዘብ የሚሸሸው የተደበቀን አደጋ ነው።

ሁለተኛው «ሕዝቡ ቴክኒካል ነገር አይገባውም» የሚል ንቀት ነው። ይህን የሚል ሰው መንዝን አያውቅም። የጓሳን ሣር በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የጠበቁት የአስቦና የጌራ ሰዎች ናቸው። መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት፣ ማን ይጨድ የሚለውን ራሳቸው በመረጧቸው አለቆች እየመከሩ ወሰኑ፤ ለዓመታት ዘግተው ታገሡ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በጓሳ የሚታዩት በዚህ ሥርዓት ነው። የሣርን ዕድሜ ለክቶ የሚያስተዳድር ሕዝብ ስለ ምንጩ ውሃ የተጻፈ ሁለት ገጽ አይከብደውም።

ሦስተኛው «የጸጥታው ሁኔታ አይፈቅድም» ነው። ክልሉ በግጭት ውስጥ መሆኑ እውነት ነው፤ ሰው ሰብስቦ መወያየት ከባድ ነው። ነገር ግን ጸጥታው ለስብሰባ ካልተመቸ ለድማሚት እንዴት ተመቸ? ሕዝብን ማማከር የሚያስቆም ምክንያት ፈቃድ መስጠትንም ያስቁም። አንዱን አቁሞ ሌላውን መቀጠል በግጭት ማሳበብ ነው።

ሊደረግ የሚገባው ከባድ አይደለም። የእያንዳንዱ ማዕድን ፕሮጀክት ጥናት በአማርኛ በሁለት ገጽ ይጨመቅ፤ ምን መሬት ይወሰዳል፣ የትኛው ምንጭ ይነካል፣ ስንት ቤተሰብ ይነሣል፣ ካሳው እንዴት ይሰላል የሚለውን በግልጽ ይናገር። ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለው በእድርና በገበያ ቀን ይነበብ። ሥራ ከተጀመረ በኋላም የውሃና የአቧራ ምርመራ ውጤት በየሩብ ዓመቱ ይውጣ። የኦፓል ማኅበራት ባሉበት ወረዳ ሁሉ የተዘጉና አደገኛ የሆኑ ዋሻዎች ዝርዝር፣ የሞቱና የቆሰሉ ሰዎች ቁጥር በይፋ ይመዝገብ። ይህ ሳይሆን አዲስ ፈቃድ አይሰጥ፤ አሮጌውም አይታደስ።

ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ያለውን ማክበር ይበቃል። የመንዝ ድንጋይ ገና ከመሬት እንደወጣ ጠባዩ ተጠንቶ ለዓለም ተነግሯል። ድንጋዩን የሚያወጣው ሰው ከድንጋዩ ያነሰ ክብር የሚያገኝበት ምክንያት ካለ፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ወጥቶ ይናገር።