በየወንዝ ዳር መናፈሻው የወንዙ ውኃ ይታይ

አዲስ አበባ ውስጥ ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ታቅዶ ነበር። የተሠራው የእግረኛ መንገድና የተተከለው ዛፍ ለነዋሪው ትልቅ ነገር ነው። የዳርቻው ማማር ግን ብቻውን ውኃውን አያጠራም። ከየቤቱ የሚለቀቅ የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ ከጋራዥ የሚወርድ ዘይት፣ ክሮሚየም ያለበት የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የአቃቂን ወንዞች ለአሥርት ዓመታት በክለዋል። በዚህ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፤ ተመራማሪዎችም በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል። ወንዙ ገበታችን ድረስ ይመጣል ማለት ነው። አበባው ይህን እንዳያስረሳን ውኃውን ራሱን ዓይናችን ፊት የሚያቆም ሥራ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የአርቲስቶች ሙያ ነው።

ሌሎች ሠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ1972 ጀርመናዊው አርቲስት ሃንስ ሃከ በክሬፌልድ ሙዚየም ውስጥ የተበከለ የራይን ውኃ በትልልቅ ጠርሙሶች አቀረበ፤ አጣርቶም ዓሣ ወደሚዋኝበት ገንዳ ለቀቀው። ከተማዋ ፍሳሿን ወደ ራይን ትደፋ ስለነበር ተመልካቹ የቆመው ከራሱ ቆሻሻ ፊት ነበር። በቻይናዋ ቼንግዱ ደግሞ አሜሪካዊቷ ቤትሲ ዴመን እ.ኤ.አ. በ1995 ከአገሬው አርቲስቶች ጋር በከተማዋ ወንዝ ላይ ትርኢት አዘጋጀች፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው መናፈሻ የዚያ ጥረት ፍሬ ነው። እዚያ የወንዙ ውኃ በኩሬዎች፣ በውኃ ተክሎችና በቅርጻ ቅርጾች እያለፈ ሲጠራ ጎብኚው ደረጃ በደረጃ ያየዋል።

ሥነ ጥበብ ወንዝ አያጸዳም የሚሉ እውነት አላቸው፤ የሚያጸዳው የፍሳሽ መስመርና የፋብሪካ ማጣሪያ ነው። ነገር ግን መሬት ውስጥ የሚቀበር መስመር ጠያቂ ሕዝብ ከሌለው በቀላሉ ይዘነጋል። ለእኔ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ብክለቱ በይፋ ከታየ የአቃቂ አትክልት አምራች ገበያ ያጣል የሚለው። ይሁንና መርዙን የለቀቀው ገበሬው አይደለም፤ ውኃው ውስጥ ቆሞ የሚውለው ግን እሱ ነው። ስለ ብክለቱ ዝም መባሉ እስካሁን አልጠቀመውም። ስለዚህ ሥራው ብክለቱ ከየት እንደሚነሣ እንጂ ማን እንደሚያመርትበት አያሳይ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች፣ ከዩኒቨርሲቲያችሁ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ጋር አንድ ወንዝ ምረጡና ንድፋችሁን ለከተማው አስተዳደር አቅርቡ። የመናፈሻዎቹ ጎረቤቶች፣ የየወንዙ ውኃ በመስታወት ገንዳ እንዲቀመጥ፣ በየወሩ እንዲቀየር፣ የላቦራቶሪ ውጤቱም ከጎኑ እንዲለጠፍ ፊርማ አሰባስባችሁ ወረዳችሁን ጠይቁ። የቤት ባለቤቶች፣ የመጸዳጃችሁ ቱቦ የት እንደሚወጣ ፈትሹ፤ ወደ ወንዝ ከሆነ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሄዳችሁ መስመር እንዲገባላችሁ አመልክቱ፤ መስመር በሌለበት ሰፈር ጉድጓድ አስቆፍራችሁ በመምጠጫ መኪና አስነሡ።